የእሑድ እርሻ

አስማረ በአዲ አርቃይ የግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ባለሙያ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀበሌው እየዞረ «ከብት ቀንሱ፤ ጥቂት ይዛችሁ በደንብ ቀልቡ» እያለ ይመክራል። ገበሬውም «ሸጋ ብለሃል» ብሎ ጠላ አጠጥቶ ይሸኘውና ያንኑ መንጋውን ይዞ ይቀመጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አስማረ ራሱ ገበሬ ይሆናል። ከተከራያት ክፍል በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከልጁ ከቃልኪዳን ጋር በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ላም ያልባል። እሱ አዲ አርቃይ፣ እሷ ጎንደር ፀዳ፤ እርሻው ግን አንድ ነው። በኢንተርኔት ይገናኙበታል።

አከራዩ አያ ክንዱ ይህ ነገር ከቶ ሊዋጥላቸው አልቻለም።

«ምነው አንተ፣ በሰንበት ይታረሳል?»

«አያ ክንዱ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታም ቢሆን ሰንበት ሰንበት ነው። ይኸው ትራክተሩ ይሄድ የለም?»

እንዲህ ይሉና ዱካቸውን ስበው ከጎኑ ይቀመጣሉ። ስንዴው መድረሱን ከአስማረ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዝናብ በስክሪኑ ላይ ሲጥል «እሰይ» ይላሉ።

ነገሩ ከየት ጀመረ ቢባል ከፍቺ ነው የጀመረው። አስማረና ሄለን ጎንደር ላይ ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ከዓመታት በኋላ ተለያዩ። ማን በደለ ማን ተበደለ የሚለውን ለሁለቱ ወገን ዘመዶች እንተወው፤ እነሱ እስካሁን አልጨረሱትም። ሽማግሌዎቹ ግን ጨርሰዋል። የሽማግሌዎቹ አውራ አቶ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ባልና ሚስት ቢለያይ አባትና ልጅ አይለያይም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጅቱ የአባቷ ናት። ይህን ያፈረሰ እኛን አዋረደ» ብለው ውል አሰሩ። ሄለን ጉልበታቸውን ስማ ተቀበለች። አስማረም ተቀበለ።

ሄለን ዓመት ቆይታ ፊልጶስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ስታገባ አስማረን ኩርፊያ ያዘው። «እዚሁ ከተማ ቁጭ ብዬ ይህን አላይም» አለና ዝውውር ጠየቀ። ሰው ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር ለመዛወር ስለት ይሳላል፤ እሱ ከጎንደር ወደ አዲ አርቃይ ጠየቀ። የሰው ኃይል ኃላፊው ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቶ ቶሎ ፈረመለት። አስማረ ምን እንዳደረገ የገባው መኪናው ሊማሊሞን ቁልቁል መጠምዘዝ ሲጀምር ነው። እሑድ የአባቷ ናት የተባለችው ልጅ ከተራራው በላይ ቀርታለች። ኩርፊያ መቼም ዓይን የለውም።

ያኔ ቃልኪዳን ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አስማረ ከመሄዱ በፊት ከየሱቁ ዕቃ ለቃቅሞ ኮምፒውተር ገጣጥሞ ሰጥቷታል፤ ፕሮሰሰሩን ያስቀመጠው፣ እያንዳንዱን ብሎን ያጠበቀው እሱ ነው። የእርሻውን ጨዋታ ያገኘችው ግን እሷ ናት። «አባዬ፣ አንተ የእንስሳት ባለሙያ አይደለህ? እርሻ እንግዛ» አለችው። ገዙ። አራት ዓመት አብረው አረሱ። እሷ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ባዝራ ገዝታ ቦራ አለቻት። እሱ ሲያርስ እሷ በቦራ ሜዳውን ታካልላለች፤ እየጋለበች ስለ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስላኮረፈቻት ልጅ ታወራለታለች። እሱ አያ ክንዱ ያሉትን ይነግራታል፤ በሳቅ ትፈርሳለች። አስማረ ስድስቱን ቀን የሚገፋው ለዚያች ሳቅ ነበር። ለማንም አይናገረው እንጂ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅበታል፤ እሑድ ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ የሚወጣው ለኮምፒውተር ነው እያሉ ይስቁበታል።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ቃልኪዳን ደወለች።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። ጨዋታውን ስከፍተው ይቆምብኛል።»

«ይቆማል ስትይ?»

«ቦራ አንድ እግሯን አንሥታ ቀረች።»

«ታስክ ማናጀርን ክፈቺው። ፕሮሰሰሩ ስንት ይላል?»

ትንሽ ቆየችና «መቶ» አለችው። «መቶ ፐርሰንት ይላል። ቀይ ሆኗል።»

ፕሮሰሰር የኮምፒውተር አንጎል ነው። መቶ ደረሰ ማለት ከዚህ በላይ የሚያስብበት አቅም የለውም ማለት ነው፤ የጨመሩበትን ሁሉ እያቆመ ያስቀምጣል። አስማረ ይህን ሲሰማ ደስ አለው ቢባል ነውር ይሆናል። ግን ደስ አለው። ልጁ ችግር ገጥሟት፣ ችግሩም እሱ የሚያውቀው ሆኖ፣ እሱን ፈልጋ ደወለች። ከተራራ ማዶ ያለ አባት ከዚህ የበለጠ ምን ያገኛል? ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«ብሮውዘር ላይ ስንት ገጽ ከፍተሻል?»

«ብዙ ነው አባዬ።»

«ሁሉንም ዝጊው። አሁንስ?»

ከበስተኋላዋ የሴቶች ልጆች ሳቅ ተሰማው። «ዘጠና አራት» አለችው። «አባዬ፣ ዛሬ አይሆንም መሰለኝ። በሚቀጥለው እሑድ እንሞክር?»

ከዚያ በኋላ እሑድ የምርመራ ቀን ሆነ። አስማረ በሳምንቱ መሃል መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ ኢንተርኔት ላይ እያነበበ፣ የማያውቃቸው ሰዎች የሚከራከሩትን ክርክር እየተከታተለ ይቆይና እሑድ መድኃኒቱን ይዞ ይቀርባል። አንዱን እሑድ ኮምፒውተሩን በቫይረስ ማጥፊያ አስፈተሻት። «ዘጠና ስምንት» አለች። ሌላውን እሑድ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አስዘጋት። «ዘጠና አምስት።» ምስሉን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ አስቀየራት። «መቶ፣ አባዬ። ጭራሽ ባሰበት።» ድምፅዋ ውስጥ ድካም ነበር። አስማረ በማሽኑ የተማረረች መሰለው።

በአንዱ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶት ሲያስብ አንድ ነገር በራለት። በእርሻው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ በግ የት እንደሚረግጥ፣ እያንዳንዷ ላም መቼ እንደምትጠማ የሚያስበው ፕሮሰሰሩ ነው። ጭነቱ ከብቱ ነው ማለት ነው። እሑድ ሲደርስ «ከብት እንቀንስ» አላት፤ ገበሬው ሁሉ አልሰማ ያለውን ምክር ራሱ ተቀበለ። በጎቹን በሙሉ ሸጠ።

አያ ክንዱ አጠገቡ ተቀምጠው ነበርና ራሳቸውን ያዙ።

«ምነው ልጄ! ሰው መንጋውን የሚፈጀው በድርቅ ዘመን ነው። ምን መጣብህ?»

«ልጄ ጋ ያለውን ኮምፒውተር ከበደው።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ አይሸጥም?»

«አሁንስ ስንት ይላል?» ብሎ ጠየቃት ወደ ስልኩ ዞሮ።

«ዘጠና ሰባት» አለች። «ገና ሲከፈት ይቆማል።»

በቀጣዩ እሑድ ላሞቹ ሄዱ። እሷ ጥጃ ሳሉ ስም ያወጣችላቸው፣ እሱ በየሳምንቱ ያለባቸው ላሞች ናቸው። በረቱ ባዶውን ሲቀር አያ ክንዱ «እኔ ይህን አላይም» ብለው ተነሥተው ገቡ። ቦራ ብቻ በሜዳው ላይ ቀረች።

«ቦራንም ልሽጣት ይሆን?» አላት። የጠየቃት እምቢ እንድትለው ነበር።

«ሽጣት አባዬ» አለች፣ ሳትውል ሳታድር።

አስማረ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ። ከዚያ ለልጁ አዘነላት፤ ይህን ያህል መርሯታል ማለት ነው። ባዝራዋን ግን አልሸጣትም።

ልብ ያለው ሰው ቢሆን በእነዚህ ሳምንታት ሌላ ነገር ባስተዋለ ነበር። ሒሳብ አስተማሪው ቀርቷል። ጓደኞቿ ቀርተዋል። ሳቁ ቀርቷል። እሷ ቁጥር ታነባለች፣ እሱ መድኃኒት ያዛል፣ እሷ «እሺ አባዬ፣ ቻው» ትላለች። የአባት ልብ ግን ማስተዋል የማይፈልገውን አያስተውልም። አስማረ የቀረውን ሁሉ ከማሽኑ ጋር አያያዘው፤ ማሽኑ ከዳነ ሁሉም ይመለሳል ብሎ አመነ። እሑዷ ከእጁ እየወጣች እንደሆነ ይሰማዋል፤ የሚያወጣት ግን ፕሮሰሰሩ ይመስለዋል።

መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ምክንያት ሙቀት ነበር። በፕሮሰሰሩና በላዩ ባለው ማራገቢያ መካከል የሚቀባ ፔስት አለ፤ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ሲደርቅ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሲግል ይሰንፋል። ያን ፔስት አራት ዓመት ሙሉ የቀየረው የለም። «ይህ በስልክ የሚሆን አይደለም» አለና ዓርብ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠየቀ። ለልጁ አልነገራትም። ድንገት ገብቶ ፊቷን ሊያይ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ ተሳፈረ። ሊማሊሞን ሽቅብ ሲወጡ ሌላው ተሳፋሪ ዓይኑን ጨፍኖ ስለ ነፍሱ ይጸልያል፤ እሱ ካቻቪቴውን በሶፍት ጠቅልሎ በቦርሳው ውስጥ እየዳበሰ ፈገግ ይላል። ከዛሪማ ገበያ የገዛው ማር በእግሩ መካከል ነበር። ጎንደር ደርሶ ፒያሳ ፔስቱን ሲገዛ ሻጩ «ለምን ዝም ብለው ፎርማት አያስደርጉትም?» አለው። «ራሱን ያመመውን ሰው ራሱን ትቆርጠዋለህ?» አለና ተቆጣው። ሻጩ ፔስቱን ሰጥቶት ብሩን ተቀበለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፀዳ ደረሰ። ወደዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ጎንደር ሲመጣ ልጁን ከተማ ውስጥ አግኝቷት ምሳ አብልቷት ይመልሳታል። በሩን የከፈተችለት ሄለን ናት። ደንግጣ «ደህና ነህ? ሰው ሞተ?» አለች።

«ኮምፒውተሩን ላየው ነው የመጣሁት።»

ፊልጶስ ጋቢውን እንደለበሰ ብድግ ብሎ ወጣ። «አቶ አስማረ! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ! ቤትዎ ነው» አለ፤ ማሩን ተቀብሎ፣ ወንበር ስቦ፣ ትራስ ደርቦ። ክፉ ሰው ቢሆን ምንኛ በቀለለ። ክፉ አይደለም።

ቃልኪዳን ነጠላዋን አጣፍታ ከውስጥ ክፍል ብቅ አለች። ለሆሳዕና የመዝሙር ጥናት ልትወጣ ነበር። አባቷን ስታይ ጮኻ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ይህ እውነት ነበር፣ ምንም ሐሰት አልነበረበትም። ቁመቷ ትከሻውን አልፏል።

«ምነው ሳትነግረኝ አባዬ?»

«ኮምፒውተርሽን ላድንልሽ መጣሁ።»

እጆቿ ከአንገቱ ላይ ላላ አሉ።

ኮምፒውተሩ ከሳሎኑ ጥግ ነበር። ሄለን በእጇ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ስክሪኑንም ኬዙንም ከላይ እስከ ታች ሸፍኗቸዋል። አስማረ ይህን ሲያይ በደስታ ጮኸ።

«አገኘሁት! ሄለን፣ ምነው ማሽኑን እንደ ሙሽራ አከናነብሽው? ይህ እኮ መተንፈስ አለበት!»

«አቧራ እንዳይገባበት ነዋ» አለች፤ ሳቀች። ከተለያዩ ወዲህ በእሱ ነገር ስትስቅ ያያት ያን ቀን ነው። ፊልጶስም ሳቀ። ቃልኪዳን ብቻ አልሳቀችም።

አስማረ ካቻቪቴውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ብሎኑን ግን አልነካም። የእንስሳት ባለሙያ ሳይለካ መርፌ አይወጋም። ሕመሙን መጀመሪያ በዓይኑ ሊያየው ፈለገ። ዳንቴሉን ከስክሪኑ ላይ ብቻ ገልጦ ኮምፒውተሩን አበራውና ጨዋታውን ከፈተ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ፤ ጨዋታው አፕዴት ካልተደረገ አይከፈትም።

አስማረ ጽሑፉን ደግሞ አነበበው።

ይህን አፕዴት ያውቀዋል። የወጣው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ «መቶ» ካለችው እሑድ በኋላ በዚያው ሳምንት ነው። አስማረ አፕዴቱ በወጣበት ቀን ጭኖታል፤ ያለዚያ ጨዋታው አይነሣም። እዚህ ቤት ግን እስከዛሬ አልተጫነም። እንግዲህ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ይህን ጨዋታ የከፈተው የለም። «ዘጠና ስምንት» ያለችው ቀን አልከፈተችውም። በጎቹን የሸጡ ቀንም አልከፈተችውም። ላሞቹ ሲሄዱ፣ «ገና ሲከፈት ይቆማል» ስትለው፣ ኮምፒውተሩ ይህን ዳንቴል ተከናንቦ እዚህ ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር።

«እስኪጭን ምሳ እንብላ» አለች ሄለን። ሽሮና ምስር ቀረበ። ፊልጶስ እያጎረሰው ነበር። አስማረ የጎረሰውን ዋጠው እንጂ ጣዕሙን አላወቀውም። አንዳች ስሕተት ይኖራል እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ምናልባት ጀምሮ ተቋርጦ ይሆናል፣ ምናልባት ኔትወርኩ ይሆናል። ቃልኪዳን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንጀራዋን ትቆራርሳለች፤ አትበላም። ቀና ብላም አላየችውም።

ጭኖ ሲጨርስ ተነሣ። ጨዋታው ተከፈተ። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ፣ ነፋሱ ሣሩን ያንቀሳቅሳል፣ ምንም የሚቆም የለም። ታስክ ማናጀርን ከፈተው። ሃያ ስምንት። ጠበቀ። ሠላሳ አንድ። ጭነት ሊጨምርበት ግራፊክሱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው፤ ሠላሳ አራት። እዚያው ቆመ። ማሽኑ ደህና ነበር። እንዲያውም እሱ ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ደህና ሆኖ የቆየ የለም።

«እኔም ለጥናቴ ስሠራበት አስቸግሮኝ አያውቅም» አለ ፊልጶስ ከኋላው ቆሞ። «ታዲያ ደህና ነው ማለት ነው?»

አስማረ ወደ ልጁ ዞረ። ቃልኪዳን በሩ አጠገብ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኖቿ ዕንባ ሞልተው ይለምኑታል። አሁን አንድ ቃል ቢናገር ልጅቱ በእናቷና በእንጀራ አባቷ ፊት ውሸታም ናት፤ የሽማግሌ ውል ያፈረሰች፣ አባቷን ለወራት ያሞኘች። ሄለን ይህን የምታልፍ ሴት አይደለችም።

«አይደለም» አለ አስማረ።  «ለጊዜው ነው እንዲህ የሚያሳየው። ፕሮሰሰሩ አልቆለታል። ለዚህ ጨዋታ ከእንግዲህ አይሆንም።»

ቃልኪዳን ትንፋሿን ለቀቀች። አስማረ ሰማት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ያ ትንፋሽ ልቡን ሰበረው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ግን እንደምንም ስቆ፣ ተሰናብቶ በወጣ ነበር።

«እንግዲያውስ ቀላል ነው» አለ ፊልጶስ፤ ፊቱ በራ። «አዲስ እንገዛለታለን! ነገ አዝዤ እስከ እሑድ ይደርሳል። እርስዎና ልጅዎ ከምታጡት እኔ ይጉደልብኝ።»

«አይ ጋሼ፣ አያስፈልግም» አለች ቃልኪዳን።

«ምን ታፍሪያለሽ?» አለች ሄለን። «በደስታ ሲገዛልሽ። እሑድ የአባትሽ ናት።»

«ግዴለም፣ እውነቴን ነው እማዬ...»

«ይሉኝታ ይዟት ነው» አለ ፊልጶስ በፍቅር። «የአባትና የልጅ ነገር በዕቃ ምክንያት አይቋረጥም። እንዲያውም ከበፊቱ የሚበልጥ እገዛለሁ፤ ለዓመታት የሚያገለግላችሁ።»

አስማረ ሲናገሩ ይሰማል። የሁለቱ ደግነት ልጁን በግራና በቀኝ ይዟት እየጠበቀ ሲሄድ ያያል። አዲሱ ፕሮሰሰር ሲመጣ የምትለው አይኖራትም። ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት፣ ጓደኞቿ በር ላይ ቆመው እየጠበቋት፣ ባዶ ሜዳ ላይ ፈረስ ስትጋልብለት ትኖራለች። እሱም ያን እያወቀ ያናግራታል። ፊልጶስን በልመና የሚመልሰው እንደሌለ ገባው፤ ደግ ሰው በልመና አይመለስም። በስድብ ነው።

ብድግ አለ።

«አንተ ማነህና ነው ለእኔ ልጅ የምትገዛው?» አለው።

 እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ሲባባሉ ነበር።

«አቶ አስማረ፣ እኔ እኮ...»

«ሚስቴን ወሰድክ፣ ቤቴን ወሰድክ፣ አሁን ደግሞ ለልጄ ዕቃ ልግዛ ትለኛለህ? በአንተ ዕቃ ልጄን አላናግርም! ቢቀር ይቅር!»

የተናገረው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ለዓመታት በሆዱ የቋጠረው ነው። ግን ዛሬ ሊናገረው አልመጣም። ፊልጶስ ፊቱ ቀልቶ ወንበሩን ይዞ ቆመ። ሄለን በሩን አሳየችው።

«ያው ነህ! አሁንም ያው ነህ! ሰው አክብሮ ቢያበላህ... ውጣልኝ። አቶ ዳኛው ይሰሙታል። እሑድ የምትላትንም ከእንግዲህ እርሳት፤ ያፈረስከው አንተ ነህ!»

«ይሰሙት» አለ አስማረ። ካቻቪቴውን ወደ ቦርሳው ከተተ። ያልተከፈተው ፔስት ኪሱ ውስጥ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ቆሞ ባጃጅ ሲጠብቅ ከኋላው የሩጫ ኮቴ ሰማ። ቃልኪዳን ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ እያለከለከች ደረሰችበት።

«አውቀሃል አባዬ።»

«ምኑን?»

«አትቀልድ!» አለችና አለቀሰች። «የመጀመሪያው ቀን እውነት ነበር። በእግዚአብሔር እውነት ነበር። ገጾቹን ዝጊ ስትለኝ ስዘጋቸው ግን ወዲያው ተስተካከለ። ያን ቀን መዝሙር ጥናት ልጀምር ነበር፤ ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ዘጠና አራት አልኩህ። ለአንድ ቀን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ጨዋታው ሰልችቶኛል ልልህ እፈልግና... አንተ እዚያ ብቻህን ነህ። አሳዘንከኝ።»

አስማረ ከዚህ ይልቅ «ጠላሁህ» ብትለው ይሻለው ነበር። ጥላቻ ቢሆን ተከራክሮ፣ ተቆጥቶ፣ አባብሎ ይመልሰው ነበር። ሐዘኔታን ምን ያደርጉታል? በነጠላዋ ጫፍ ዕንባዋን ጠረገላት።

«ላሞቹን ስትሸጥ አልቅሻለሁ» አለችው።

«አይዞሽ። አያ ክንዱም አልቅሰዋል።»

ሳቅ አመለጣት፤ ያችው የድሮዋ ሳቅ። አስማረ እስክታልቅ ድረስ ሰማት።

«አሁን ስሚኝ» አላት። «ውሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ያለችው ትክክል ነው፤ አንቺ የለሽበትም። ማንም ምንም አይልሽም። ከእንግዲህ እሑድ የራስሽ ናት።»

«ልደውልልህ ግን?»

«ሲያሰኝሽ ደውዪ። ሳያሰኝሽ እንዳትደውዪ። አሳዘነኝ ብለሽ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትደውዪ። ይህን ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ» አለች። ጉንጩን ሳመችው። ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሦስት ሴቶች ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና እሷን ሲያዩ ስሟን ጠሩ።

«ሂጂ፣ ጥናቱ እንዳያልፍሽ።»

ሄደች። መጀመሪያ በርምጃ ነበር፤ ልጆቹ ጋ ልትደርስ ስትል ሮጠች።

አቶ ዳኛው በሳምንቱ ደውለው «ከአንተ ይህን አልጠብቅም ነበር» ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ወቀሱት። አስማረ «አጥፍቻለሁ አባቴ» ከማለት በቀር አንድም ነገር አልመለሰም። ለፊልጶስ ይቅርታ ላከ፤ ፊልጶስም ደግ ነውና ይቅር አለው። በፋሲካ ከቃልኪዳን «እንኳን አደረሰህ አባዬ» የሚል መልእክት መጣለት። ደስ ብሎት ብዙ ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ በዓል ስለሆነ የላከችው እንደሆነ አሰበ።

ክረምቱ ገባ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ስልኩ አይጮኽም። እሱም አይደውልም። ልጁ ቃሏን ጠብቃለች፤ ሳያሰኛት አልደወለችም።

እውነቱን ፍለጋ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነበር፤ አገኘው፤ ምን እንደሚያደርገው ግን አያውቅም። ሰው ይታዘበኛል ብሎ ለማንም አይናገርም እንጂ እነዚያ የውሸት እሑዶች ይናፍቁታል። «አሁንስ ስንት ይላል?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ልጁ ለእሱ ስትል ትንሽ ታስብና አንድ ቁጥር ትፈጥርለት ነበር።